ቪታራው ገና ሳይነሳ

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር መምህርት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለሰባት ዓመታት ባጠራቀምነውና እህቴ በምታበድረን ገንዘብ ያገለገለ ከፍ ያለ መኪና ለመግዛት ወስነናል። ወላጆቼ መንዝ ስለሚኖሩ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ወደዚያ እንወጣለን፤ አዲስ አበባም እንመላለሳለን። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል የሆነ አውቶማቲክ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ አሳይቶን ነበር። 98 ሺሕ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ፣ ከአንድ ሰው እጅ ያልወጣ ነው ይላል። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሾፌር ነው፤ አስነስቶ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ ‹ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው› ብሎናል። የመኪናው ባለቤት ውጭ አገር ስለሆነ የሚሸጥልን ወኪሉ ነው። ሌላ ገዢ ስላለ እስከ ዓርብ ድረስ 100 ሺሕ ብር ቀብድ ካልሰጣችሁ ያመልጣችኋል ተብለናል። ቶዮታ ራቭ ፎር ይሻላችኋል የሚሉንም አሉ። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጥያቄዎችዎ መካከል ቀን የተቆረጠለት የቀብዱ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እስከ ዓርብ ምንም ገንዘብ አይክፈሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 እንደሚደነግገው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሁለተኛው ክፍል ለገዢ የሚያጽናና ይመስላል፤ ነገር ግን በእርስዎ ሁኔታ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው፣ ገንዘቡን የሚጠይቀው ደላላው ነው፣ እጥፉን ማን እንደሚመልስልዎም አይታወቅም። የመጀመሪያው ክፍል ግን በቀጥታ እርስዎን ይመለከታል፤ ዓርብ ከፍለው ሰኞ መኪናው የተጋጨ ሆኖ ቢያገኙት፣ 100 ሺሕ ብርዎን ለማስመለስ ክርክር ውስጥ መግባትዎ አይቀርም። የግድ ቀብድ መስጠት ካለብዎ የሕጉን «ሌላ ስምምነት» ይጠቀሙበት፤ መኪናው ገዢው በመረጠው ጋራዥ ተመርምሮ ካልተስማማው፣ ወይም በሰነዱ ላይ ዕዳ፣ እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቀረጥ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ የመሸጥ ሥልጣን ያለው ወኪል ይፈርምበት። ደላላው ብቻ የፈረመበት ወረቀት አይጠቅምዎትም።

«ሌላ ገዢ አለ» የሚለው አባባል ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ከእጃችን ወደ እጃችን የሚዘዋወሩ ሆነዋል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ይሁንና ቪታራ በአገራችን ብርቅ መኪና አይደለም። ይህኛው ቢያመልጥዎ በአንድ ወር ውስጥ ሌሎች ሦስት አራት ሊያዩ ይችላሉ።

ወደ ብረቱ ከመሄዳችን በፊት ወረቀቱን እንይ፤ ምክንያቱም የታመመ ሞተር በገንዘብ ይድናል፣ የታመመ ሰነድ ግን ገንዘብዎንም መኪናውንም ሊያሳጣዎት ይችላል። የውክልናው ሰነድ መኪናውን «ለማስተዳደር» ብቻ ሳይሆን «ለመሸጥ፣ የሽያጩን ገንዘብ ለመቀበልና ስም ለማዛወር» በግልጽ የተሰጠ መሆን አለበት። ውክልናው ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በዚያ ያለው ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላችን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ያለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጠውት ሊሆን ይገባል። አለመሻሩንም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ብዙዎቻችን ውልና ማስረጃ በምንለው ቢሮ፣ ያስጣሩ። ወካዩ በሕይወት ከሌለ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱን በቪዲዮ ስልክ ማነጋገር ትንሽ የሚያሳፍር ቢመስልም ይጠይቁ። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካላገባ ደግሞ ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሽያጭ በመጨረሻው ሰዓት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

«ከአንድ ሰው እጅ ያልወጣ» የሚለውን ከሊብሬው ሳይሆን የመኪናው ፋይል ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ያረጋግጡ። ፋይሉ ውስጥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ማየት ይቻላል። ከፍ ያሉ መኪኖች ከኤምባሲ፣ ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከቀረጥ ነፃ መብት ካላቸው ሰዎች እጅ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀረጡ ካልተከፈለ ስሙ አይዛወርልዎትም፣ ከተዛወረም በኋላ ጣጣ አለው። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳና ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት መኖር አለመኖሩንም እዚያው ያጣሩ። በመጨረሻ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ቁጥሩ ዙሪያ የመሞረድ ወይም አዲስ ቀለም የመቀባት ምልክት ካለ፣ ከዚያ በላይ መመርመር አያስፈልግም፤ አመስግነው ይመለሱ።

አሁን ወደ መኪናው። የባለቤትዎ የአጎት ልጅ ያዳመጠው ሞተር የሞቀ ነበር ወይስ የቀዘቀዘ? ይህን የምጠይቀው ራሴ በዚህ ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት ለወንድሜ መኪና ልገዛ ስሄድ ሻጩ «ነዳጅ ልቀዳ ወጥቼ ነበር» እያለ ሞተሩን እንዳስነሳ ተቀበለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ገዛሁት። በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሳስነሳው ለሦስት ወይም ለአራት ሴኮንድ ያህል በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ ድምፅ አሰማና ዝም አለ። የላላ ታይሚንግ ቼን፣ ማለትም የሞተሩን የላይና የታች ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ሰንሰለት ነበር። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ መወጠሪያውን እስኪገፋው ድረስ ሰንሰለቱ እየተላጋ ይጮሃል፣ ዘይቱ ሲደርስ ይጠፋል፤ ከሞቀ በኋላ መካኒክም ቢሆን በጆሮው ላያገኘው ይችላል። የእርስዎ ቪታራም ሞተሩ የላስቲክ ቀበቶ (ቺንጋ) ሳይሆን ታይሚንግ ቼን ያለው ነው፤ ዘይቱ በወቅቱ ሳይቀየርለት የቆየ ከሆነ ይህ ሰንሰለት ዋጋውን ያስከፍላል።

ስለዚህ ቀጠሮው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይሁን፤ መኪናው ከማታ ጀምሮ እንዳይነሳ አስቀድመው ይናገሩ። እንደደረሱ ከሰላምታው ቀጥሎ እጅዎን ኮፋኖው ላይ ያሳርፉ። ለብ ካለ ሌላ ቀን ይቅጠሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ ሳያስነሱት ኮፋኖውን ያስከፍቱና የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ይዩ። ከሥሩ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ቡናማ ነጭ ነገር ከተለጠፈ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መበላት የሚታወቅበት አንዱ ምልክት ይህ ነው። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ይህ የሚደረገው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፣ በሞቀ ጊዜ ፊት ያቃጥላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከሆነ መልካም ነው፤ የዝገት ቀለም ያለው ውሃ ከሆነ መኪናው ለረጅም ጊዜ በቧንቧ ውሃ ሲነዳ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ለእናንተ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያሳስባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መንዝ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ፈሳሹ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ፣ ማለትም ለራዲያተር የተዘጋጀው ባለ ቀለም ፈሳሽ ነው፤ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳንና ተራ ውሃ የተሞላ ራዲያተር ቆላ ላይ ችለው ቢቆዩ እንኳ በጣርማ በር ዳገት ላይ አይችሉም።

ከዚያ ያስነሱት፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ማርሚታውን ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ይናገራል። በብርድ ጠዋት ነጭ እንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የራዲያተሩ ፈሳሽ እየነደደ ነው። ጥቁሩ ቤንዚኑ በዝቶ መግባቱን ያሳያል፤ ከሦስቱ በአነስተኛ ወጪ ሊስተካከል የሚችለው እሱ ነው። ቁልፉን መጀመሪያ ሲያዞሩ የሞተርና የኤርባግ ምልክቶች ክሩስኮቱ ላይ በርተው መጥፋት አለባቸው። በርተው ከቀሩ ችግር አለ፤ ከነጭራሹ ካልበሩ ደግሞ አንድ ሰው ችግሩን ለመደበቅ አምፖሉን አውጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነው። መካኒክዎ በኮምፒውተር ሲያየው የቆየ ስሕተት መዝገብ ብቻ ሳይሆን መዝገቡ በቅርቡ ተደምስሶ እንደሆነም ይጠይቁት፤ መሣሪያው ይህን ያሳያል። አውቶማቲክ ስለሆነ ፍሬን ረግጠው ማርሹን ወደ ኋላ ከዚያም ወደ ፊት ያስገቡ። ወዲያው በለስላሳው መያዝ አለበት፤ ዘግይቶ እየደነገጠ የሚይዝ ከሆነ ካምቢዮው ታሟል።

ስለ ኪሎ ሜትሩ፤ 98 ሺሕን ለመኪናው ዕድሜ ሲያካፍሉት በቀን ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ይሆናል። የማይሆን ነገር አይደለም፤ ከቤት ቢሮ ብቻ የተመላለሰ ሰው መኪና ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዲጂታል ቆጣሪ መቀነስ ለሚያውቀው ሰው የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ሳይሆን መኪናውን ያንብቡ። የፍሬን መርገጫው ላስቲክ መስመሮቹ ጠፍተው ልሙጥ ሆነዋል? መሪው በግራ እጅ መያዣ በኩል አብረቅርቋል? የሾፌሩ ወንበር ሰው ሲወርድ በሚፋተግበት ጠርዝ በኩል ረግቧል? 98 ሺሕ የሄደ መኪና እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ አያሳይም። ላስቲኩና የወንበሩ ልብስ አዲስ ሆነው መሪው ብቻ ያረጀ ከሆነም እንደዚያው ይጠርጥሩ።

የግጭት ምርመራው ላይ ጊዜ ቢወስዱ አይቆጩም። ቀላሉ መሣሪያ ካልሲ ውስጥ የተከተተ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ካልሲው ቀለሙን እንዳይጭር ነው። በላሜራው ላይ ቀስ አድርገው ሲጎትቱት የሚይዝበት ኃይል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአንድ ስፍራ ላይ ላላ ካለ ወይም ከወደቀ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው፤ ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ግን ማግኔት አይዘውም፣ እሱን አይቁጠሩት። መስተዋቶቹን ደግሞ በጥግ በጥግ ያለውን ማህተም እያነበቡ ይዙሩ፤ ሁሉም አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ሆነው አንዱ ብቻ ሌላ ከሆነ፣ በዚያ በኩል ምን እንደደረሰ ይጠይቁ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሲስቡት ሥሩ ላይ የተሰፋ ጨርቅ ላይ የተሠራበት ቀን ሊገኝ ይችላል፤ ከመኪናው ዘመን ጋር ካልተስማማ ቀበቶው ተቀይሯል፣ ቀበቶ ደግሞ ያለ ምክንያት አይቀየርም። ትርፍ ጎማው የተሰቀለው በኋላው በር ላይ ስለሆነ በሩን ሲከፍቱት ወደ ታች ዝቅ ካለና ሲዘጉት ማንሳት ካስፈለገ ማጠፊያው አርጅቷል። ይህ ብዙ ወጪ የለውም፤ ለመደራደሪያ ግን ይጠቅማል።

ከሥር የሚታየውን ለመካኒኩ እተወዋለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ራስዎ ማየት ይችላሉ። በደጋው አገራችን መንገድ ላይ ጨው አይነሰነስም፣ ስለዚህ የሻንሲ ብረት በቀላሉ አይዝግም። እየተላጠ የሚወድቅ ዝገት ካዩ መኪናው በረዶ በጨው ከሚጠረግበት አገር የመጣ፣ በባሕር ዳርቻ የኖረ ወይም ውሃ ውስጥ የቆየ ሊሆን ይችላል።

መንዝ ለሚመላለስ ሰው ዋናው ጥያቄ አራቱም ጎማ በእርግጥ ይጎትታል ወይ የሚለው ነው። ባለ 2.0 ሊትሩ ባለ አምስት በር ቪታራ ባለ ፎር ዊል ከሆነ ክሩስኮቱ አካባቢ ፎር ኤች (ለተለመደ መንገድ)፣ ፎር ኤች ሎክ (ለሚያንሸራትት መንገድ የሚቆለፍ)፣ ፎር ኤል ሎክ (ለከባድ ዳገትና ጭቃ የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ) እና ኤን (ገለልተኛ) የሚል መዞሪያ አለው። መዞሪያው ከሌለ መኪናው የሚጎትተው በሁለት ጎማ ብቻ ነው፣ ዋጋውም ያንን ማሳየት አለበት። ካለ ደግሞ ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ላይ ይሞክሩት፤ አስፋልት ላይ ተቆልፎ ከታጠፈ ማርሾቹን ያስጨንቃል። ለፎር ኤል መኪናው ቆሞ ካምቢዮው ኤን ላይ መሆን አለበት፤ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ብሎ መርጋት አለበት፣ ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ አልገባም። ሻጮች «እኛ ተጠቅመንበት አናውቅም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፣ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ መሣሪያ ግን የሚደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሬዲዮና መስኮት ተዘግቶ ያዳምጡ፤ ከፊት በኩል ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የጉምጉምታ ድምፅ ከተሰማ የፊት ዲፈረንሻል ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ሁለቱን መለየት የመካኒኩ ሥራ ነው። አራቱ ጎማዎች አንድ ቁጥርና ተቀራራቢ ዕድሜ ያላቸው መሆናቸውንም ይዩ፤ ሁልጊዜ በአራቱም የሚጎትት መኪና የተለያየ ጎማ አይወድም። ዕድሜያቸው ጎናቸው ላይ ባሉት አራት ቁጥሮች ይታወቃል፦ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ዳገት ላይ ሲሞክሩት ደከም ያለ ከመሰለዎት ወዲያው አይደንግጡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ በባሕር ዳርቻ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ማነጻጸር ያለብዎት ከሌላ ቪታራ ጋር እንጂ ከናፍጣ ፕራዶ ጋር አይደለም።

ራቭ ፎርን በተመለከተ፣ ለአዲስ አበባና ለአስፋልት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን እመርጥልዎ ነበር፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ አነዳዱም ለስላሳ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የተሠራው ራቭ ፎር በአብዛኛው የሚጎትተው በፊት ጎማ ሲሆን፣ የኋላው የሚታገዘው ሲንሸራተት ነው፤ የመቆለፊያ ቁልፉም ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ይለቃል፣ የፎር ኤል ማርሽ የለውም። ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ያላቸው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩት ደግሞ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። በተጨማሪም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ያጋጥማሉ፤ የዝናብ መጥረጊያው በሾፌሩ በኩል ሰፊ የማይጠረግ ጥግ ትቶ፣ በተሳፋሪው በኩል እስከ ጠርዙ የሚጠርግ ከሆነ ይጠርጥሩ። ከጣርማ በር ታጥፎ ክረምት ላይ ወደ መንዝ ለሚወጣ ቤተሰብ ጤነኛ ቪታራ ይሻላል የሚል አስተያየት አለኝ። ጤነኛ የሚለውን ቃል ግን ልብ ይበሉ፤ ጤነኛ ራቭ ፎር ከታመመ ቪታራ ይበልጣል።

መካኒኩን ደላላው አይምረጥልዎ። ከደብረ ብርሃን የሚያውቁትን ሰው የትራንስፖርትና የውሎ አበል ከፍለው ይዘው ቢመጡ፣ ወጪው ከአንድ የጎማ ዋጋ አይበልጥም። ያገኘውን ጉድለት በወረቀት ይጻፍልዎ፣ የዕቃዎቹንም ዋጋ ሶማሌ ተራ ላሉ የመለዋወጫ ነጋዴዎች ደውሎ ይጠይቅ፤ ድርድሩ በዚያ ወረቀት ላይ ይሁን። ጉድለቱን አውቀው ከገዙ በኋላ በሕግ መከራከር ስለማይችሉ፣ የሚቀነሰው ሁሉ ከፊርማው በፊት ይቀነስ።

ለዓርብ መልስዎ አጭር ይሁን፤ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ከመካኒክ ጋር እንመጣለን ይበሉት። ከተስማማና ሁሉም ነገር ከተስተካከለ፣ ቀሪውን ገንዘብ በጥሬው ሳይሆን ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ)፣ ውልና ማስረጃ ቢሮ ውስጥ በፊርማው ሰዓት ያስረክቡ። የቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ማብቂያ ቀን አይተው፣ ሁለቱንም ቁልፍ ተቀብለው፣ ሁለተኛው ቁልፍም ሞተሩን እንደሚያስነሳ እዚያው ይሞክሩት።